የደረጀ ድድ

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

እንደ ሁልጊዜው የልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር፣ መኪና ግርግር ዋልኩ። የሁለት ሚዜ ቀሚስ ጨረስኩ። የአንደኛዋ ወገቡ አሁንም ይጠባታል፣ ጨርቁ ግን አለቀ። ምን ላድርግ? «ልጅቷ ትክሳ!» አለች ሳዳ። ሳዳ ከጎኔ ባለው መኪና ነው የምትሰፋው። አሥራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቀን ዝም ተባብለን አናውቅም።

ቤት ገብቼ የደረጀን ጫት ወቀጥኩ። ስኳሩን ጨመርኩ፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ይኸው ከመጋቢት ጀምሮ ሰባት ወር ሆነኝ። ያኔ «ፀዲ፣ ግራ ጥርሴ አላስነካ አለኝ» ሲለኝ አሳዘነኝና ሙቀጫውን አወጣሁ። እዚህ ሐረር ጫት እየተወቀጠላቸው የሚቅሙት ጥርስ ያለቀባቸው ሽማግሌዎች ናቸው። የኔው ሰውዬ ገና ሃምሳ ሰባቱ ነው። ጓደኞቹ እንዳያዩት በርጫ መሄድ ትቷል፣ ቤቱ በር ዘግቶ ይቅማል። ማንም አያውቅም። ባሌ ከበርጫ ቤት ቀረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝም ነበር… እውነቱን ልጻፍ እንጂ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ትራሱ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ናት። አጠብኩት። ድድ ነው፣ የማን ድድ አይደማም?

አፉም ይሸታል። ይሄን ጽፎ ማስቀመጥ ነውር ነው ግን ለማን ልንገር? ፊቴን አዙሬ መተኛት ጀምሬያለሁ። ሳይገባው አልቀረም፤ ሲያወራኝ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ያ ድምፅ! መነኸሪያ ቆሞ «ድሬ፣ ድሬ፣ ድሬ!» ሲል ሸዋ በር ድረስ የሚሰማው ሰውዬ። ተራ አስከባሪ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ሹፌሮቹ ስድቡን ለመስማት ብለው ሆን ብለው ተራ ያበላሻሉ ይባላል። ስድቡ አያስከፋም። የተሰደበው ራሱ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ያወራዋል።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ጥርሱን በገዛ እጁ ነቀለው! ቁርስ ላይ። በሁለት ጣቱ ወዘወዘ፣ ወዘወዘና አወጣው፤ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። «ይሄ ጡረታ ወጥቷል» አለ።

ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ። ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጬ እንዲጉመጠመጥ ሰጠሁት፣ ቅርንፉድ አስነከስኩት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ጥርሱ የወጣበት ጉድጓድ አልገጠመም። ሦስት ሳምንቱ ዛሬ።

ሕይወት ከድሬዳዋ መጥታ ነበር። ልጄ ገና ሳትቀመጥ «እማዬ፣ አባባ ለምንድነው ሲስመኝ ትንፋሹን የሚይዘው?» አለችኝ። ቡና ላቀራርብ ተነሳሁ። እሷ ግን የማን ልጅ ናት! ስልኳን አበራችና «አባባ፣ አፍህን ክፈት» አለችው።

«ምን ጠፍቶብሻል እዚያ?»

«ክፈት!»

ከፈተ። አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ነገ ሐኪም ቤት።»

«ነገ ሰኞ ነው፣ ተሳፋሪ ይበዛል።»

«ተሳፋሪው ያለ አንተም ድሬ ይደርሳል!» አለችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ጥርስ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ዶክተር ዓቢር ትባላለች፣ የጀጎል ልጅ ናት፣ ሳዳ እናቷን ታውቃቸዋለች። ደረጀ ሲያያት «ይቺ ልጅ ራሷ ጥርስ ማብቀል የጨረሰችው መቼ ነው?» አለኝ፣ እየሰማችው። ሳቀች። ወደድኳት።

ቀጭን ብረት በጥርሱና በድዱ መሃል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፣ ነርሷ ትጽፋለች። ሰባት። ስምንት። ሰባት። ድዱ ጥርሱን ለቆ ኪስ ሠርቷል አለች። ለብዙ ዓመት የቆየ የድድ በሽታ ነው፣ ከሥር አጥንቱንም በልቶታል። ከዚያ ጣቱን ወጋችና ደሙን ለካች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት!

«ስኳር እንዳለብዎ ያውቃሉ?»

«ሁለት ማንኪያ፣ ጠዋትና ማታ።»

አልሳቀችም አሁን። ስኳሩ የሰውነትን መከላከያ ያደክመዋል፣ መከላከያው ሲደክም ድዱ ይቆስላል፣ ድዱ ሲቆስል ደግሞ ስኳሩ አልወርድ ይላል አለች። እየተያያዙ ነው የሚሄዱት። እኔ የማስበው የምጨምርለትን ስኳር ነበር። በየቀኑ። በሾርባ ማንኪያ።

ከዚያ ጠየቀችው። «በግራ በኩል ማኘክ ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ኧረ ሁለት ሳምንት ቢሆነኝ ነው» አለ። ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ።

እኔም ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ነርሷ አለች፣ ወንበር የሚጠብቅ ሰው በር ላይ ቆሟል። እንዴት ብዬ ባሌ እንደ ሽማግሌ ጫት እየተወቀጠለት ነው ልበል?

የላይኛውን ድድ ዛሬ አጸዳችለት፣ የታችኛውን ሳምንት። የሚውጠው ኪኒን፣ የሚጉመጠመጥበት መድኃኒት፣ ለስኳሩ ደግሞ ወደ ሌላ ሐኪም ወረቀት ሰጠችን። ጫትና ሲጋራ ይቁም ተባለ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አልወቅጥም አልኩት። አኮረፈኝ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

የታችኛውም ጸዳ። የላይኛው ግን ሲያምር! ያ ያበጠው፣ ቀይ ሥጋ የመሰለው ድድ ሟሽሾ ጥርሱን ይዞታል። ጠዋት ሲቦርሽ ደም የለም። ሽታውም ጠፋ። ትናንት ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተኛ። ስንት ጊዜያችን… ስኳሩም ሁለት መቶ ገባ።

ለሳዳ ነገርኳት። «አልሀምዱሊላህ! በይ አሁን ባልሽን ይዘሽ ፎቶ ተነሺ፣ በጥርስ» አለችኝ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ከክሊኒክ ገና መመለሳችን ነው።

ሁሉም ድኗል። ያቺ ጉድጓድ ብቻ አልዳነችም። ዶክተር ዓቢር ቆይታ ቆይታ አየቻት። በጣቷ ዳሰሰች፣ አንገቱ ሥርም ዳሰሰች። «ሌላው ሁሉ እንዲህ ተቀብሎ ይሄ ለምን እምቢ አለ?» አለች፣ ለራሷ ነው የምታወራው። «ሁለት ሳምንት ታክሞ ያልዳነ የአፍ ቁስል ዝም አይባልም። እስቲ እንደገና ልጠይቅዎ አባባ። ሕመሙ መቼ ነው የጀመረዎት?»

«አልኩሽ እኮ ልጄ…»

«ከመጋቢት ጀምሮ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ከመጋቢት ጀምሮ ጫት እየወቀጥኩለት ነው። ማኘክ ስላልቻለ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ካርዱ ላይ ጻፈች፣ ረጅም። ከዚያ አደንዝዛ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ወሰደችና ጠርሙስ ውስጥ ከተተች። አዲስ አበባ ይላካል፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

በባጃጅ ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ እንዲህ አለኝ፦ «ነርሷ የከበደ እህት ናት። የመነኸሪያው ከበደ። ታውቂያለሽ አይደል?»

አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ምንም የለም። አልደወሉም።

የአንዲት ሴትዮ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁ። እንደገና ገልብጬ ሰፋሁ። ሳዳ ከእጄ ቀማችኝና ሠራችው። የአጎቷን ታሪክ ልትነግረኝ ጀመረችና መሃል ላይ አቆመች። እንዴት እንዳለቀ አልጠየቅኳትም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ብቻዬን ክሊኒክ ሄድኩ። ውጤት ልጠይቅ ነው ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ውሸቴን ነው።

«ዶክተርዬ፣ እኔ ነኝ ወይ ያመጣሁበት?»

ጓንቷን አወለቀች። ወንበር አቀረበችልኝ። «እናቴ፣ ገና ምን እንደሆነ አላወቅንም» አለች። «ክፉው ቢሆን እንኳን ይሄ ያንን አመጣ ብዬ አልምልም። ለዓመታት የቆሰለ ድድ አለ፣ ስኳር አለ፣ ሲጋራው አለ፣ ጫቱ ግራ ጉንጩ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጧል። ሁሉም አንድ አፍ ውስጥ ነበሩ። የትኛው እንደጀመረው ማን ያውቃል?»

«መውቀጡስ?»

«መውቀጡ በሽታውን አላመጣም። ሕመሙን ግን ደበቀላቸው። ቢያማቸው ኖሮ ይመጡ ነበር።»

አመስግኜ ወጣሁ። ፈረስ መጋላን አቋርጬ ስሄድ ሽንኩርት ልገዛ አስቤ ነበር፣ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ቢያማቸው ኖሮ ይመጡ ነበር… ቢያማው ኖሮ ይመጣ ነበር። እንዳያመው ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ካንሰር ነው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ትናንት አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ዶክተር ዓቢር ራሷ ደውላ ጠራችን። የድድ ካንሰር ነው፣ ወደ መንጋጋው ገብቷል። አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈችልን። ስታስረዳን ድምፅዋ አልተሰበረም፣ ወረቀቱን ስትሰጠው ግን በሁለት እጇ ነው የሰጠችው፣ ለአባቷ እንደምትሰጥ። ደረጀ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ አስገባ። «በይ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ሌሎቹን ጥርሶች ቆንጆ አድርገሻቸዋል» አላት።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። ተናዘዝኩለት። ይቅር በለኝ አልኩት፣ ገደልኩህ አልኩት፣ ብዙ አልኩት። ሰምቶኝ ሰምቶኝ፦

«ፀዲ፣ አንቺ ባትወቅጪልኝ እኔ እወቅጠው ነበር። የታመመው መንጋጋዬ እንጂ እጄ መሰለሽ?»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። ሕይወት ስትደውል ማናችንም ስልኩን አላነሳንም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና ነው። ዶሮ ሠራሁ፣ እሱ መረቁን ብቻ። ሳዳ ልጆቿን ይዛ እንኳን አደረሳችሁ ልትለን መጣች። የመነኸሪያ ሰዎችም መጡ፣ ከበደም። አንዳቸውም ስለ ጫቱ አላነሱም። አለማንሳታቸው ነው የከበደው።

ጥር 19፣ ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ሕይወት ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራን መጣች። የእህቴ ልጅ ቤት ነን። ከተማው ለኔ ኮሪደር ብቻ ነው። ኮሪደር፣ ወንበር፣ ኮሪደር።

ቀዶ ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ ነገረን። የታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል ይወጣል። የአንገቱ እጢዎችም። ከዚያ ጨረር።

«ከዚያ በኋላ አወራለሁ?» አለ ደረጀ።

«ያወራሉ። እንደ በፊቱ ግን አይሆንም።»

«እንደ በፊቱ ካልሆነማ ማውራት አይደለም።» ተነስቶ ወጣ።

ሕይወት ተከተለችው። በመስኮት አያቸዋለሁ፣ ግቢው ውስጥ። እሷ እጇን ታወናጭፋለች፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔ ምን ልበለው? ተቆረጥ ልበለው? አትቆረጥ ልበለው? በሰባት ወር ውስጥ አንዴ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ያላልኩ ሴትዮ፣ አሁን በየትኛው አፌ?

ሲመለሱ ዓይኑ ቀልቷል። «ልጅሽ ክፉ ናት» አለኝ። «‹ከምትሞት ብትኮላተፍ ይሻለኛል› አለችኝ። እንዲህ ይባላል አባት?»

ፈረመ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወጣ። ተነፈሰ። ሌላ አልጽፍም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ፊቱን ላየው ፈርቼ ነበር። አየሁት። ደረጀ ነው። ግራው ገብቷል፣ ከንፈሩ ወደዚያ ወርዷል፣ ዓይኑ ግን የራሱ ነው። ከአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ወርዷል፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወተትና የላመ አጥሚት እሰጠዋለሁ። ምራቁን እጠርጋለሁ። ያፍራል። አታፍር እለዋለሁ፣ ይብስ ያፍራል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ጾም ገብቷል። ስለ ወተቱ ቄሱን ጠየቅኳቸው፤ «የታመመ አይጾምም፣ አንቺ ጹሚለት» አሉኝ። እሺ አልኩ። የማደርገው ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

የጨረር ተራ ተነገረን። ሐምሌ። ሐምሌ! ቀዶ ሐኪሙ «ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሲዘገይ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። መሣሪያው ግን ጥቂት፣ ሰው ብዙ ነው» አለ። እሱም እንደኛ «ምን ላድርግ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ማታ የእህቴ ልጅ ባል አንድ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ነገረኝ። ለመጋቢት መጨረሻ ሊያስገባን ይችላል፣ ስም ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነው አለ። ልሞት ደረስኩ በደስታ። እየሮጥኩ ለደረጀ ነገርኩት።

ገና መናገር ስለማይችል የሚጽፍበትን ደብተር ጠየቀኝ። ጻፈ፦ «የማንን ስም ወደ ታች አድርጎ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

ጻፈ፦ «ጠይቂው።»

«ደረጀ በናትህ፣ ይሄ ሚኒባስ አይደለም!»

ደብተሩን ዘጋውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጮህኩበት። የታመመ ሰው ላይ ጮህኩበት፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ለሰው ተራ ስታስከብር ኖረህ ማን ላንተ አስከበረልህ አልኩት። ልጅህስ? እኔስ? አልዞረም።

ተደብቄ ማድረግ እችላለሁ። ስሙን ለሰውዬው መስጠት ብቻ ነው። እስካሁን ስልኩ እጄ ላይ ነው። ግን አንዴ ተደብቀን ያደረግነው የት እንዳደረሰን…

የካቲት 21፣ ዓርብ

አልደወልኩም። ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም። እግዚአብሔር ይወቀው።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ሐረር

ቤታችን ገባን። ቱቦው ወጥቷል፣ የላመ ነገር በማንኪያ ይውጣል። የሚናገረው ለሌላ ሰው አይገባም። ለኔ ይገባኛል፤ ከአሥር ስምንቱ። የቀረውን እገምታለሁ፣ ስሳሳት ይናደዳል።

ዶክተር ዓቢር ቤታችን ድረስ መጥታ አየችው። የቀሩት ጥርሶች አሥራ ሰባት ናቸው። ጨረር ከመግባቱ በፊት ድዱ ንጹሕ መሆን አለበት አለች፤ ከጨረር በኋላ የታመመ ጥርስ ቢነቀል አጥንቱ አይድንም። እንዴት እንደምቦርሽለት አሳየችኝ፣ ለስላሳውን ብሩሽ ይዛ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ፣ ከዚያ በፋሻ ጉንጩን። ጠዋትና ማታ። አፉን ከፍቶ ይሰጠኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረን ውስጡን አሁን ነው ያወቅኩት። የት ሻካራ እንደሆነ፣ የት እንደሚያቅለሸልሸው።

ድዱ አንድ ጠብታ ደም የለውም። ስኳሩም መቶ ሠላሳ። የሚታከመው ሁሉ ታክሟል።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ጠዋት ስቦርሽለት በቀኝ በኩል፣ ምላሱ ጠርዝ ላይ፣ ነጭ ነገር አየሁ። የሩዝ ፍሬ አታክልም። በፋሻ ጠረግኳት፣ አልለቀቀችም።

ብሩሹን አስቀመጥኩና ነጠላዬን ለበስኩ። «ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት፣ ያየሁትን ሁሉ። «ነገ» አለ። «ዛሬ» አልኩት። «ሾርባው ነው ያቃጠለኝ» አለ። «እሱን ዓቢር ትንገረን» አልኩና ከመንገድ ባጃጅ ጠራሁ። ጫማውን እኔ አሰርኩለት። ለሳዳም አልመጣም ብዬ ደወልኩ፣ ለምን እንደሆነም ነገርኳት፣ ምንም ሳልሸሽግ። «ኢንሻአላህ ሾርባው ነው» አለች።

ዶክተር ዓቢር በመብራት አየች፣ በመስታወት አየች። አጠገቡ ያለው ጥርስ ጠርዙ ስለታም ሆኖ ምላሱን ሳይፈትገው አይቀርም አለች። ሞርዳ አለዘበችው። «ሳይሆን አይቀርም» ነው ያለችው፣ «ነው» አላለችም። ዓይን ዓይኗን ሳይ ነበር። «ሐሙስ ሳምንት መልሼ አየዋለሁ። ካልጠፋ ናሙና እወስዳለሁ» አለች። እስከዚያ የሚደረግ የለም። መጠበቅ ነው። ሐምሌም መጠበቅ ነው።

ስንመለስ ባጃጁን የሚነዳው ልጅ በቁልቁለቱ ለቀቃት። ጉድጓድ ላይ ዘለልን። ደረጀ ትከሻውን ነካ አደረገውና የሆነ ነገር ተናገረ። ልጁ በመስታወቱ አየው፣ ከዚያ እኔን።

«እማማ፣ ምን አሉ?»

«‹ቀስ በል አንተ ቀውስ፣ ሐሙስ ሳምንት ቀጠሮ አለኝ› ነው የሚልህ» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። ደረጀም ሳቀ፣ በቀኝ በኩል። ምራቁ ወረደ፣ ጠረግኩለት።